ከዳንግላ የሚነሳው አሻራ

“እማማ፣ ጣትዎን ትንሽ ጫን ያድርጉልኝ።”

ጫን ያደርጋሉ። መሣሪያዋ አልቀበልም ትላለች። መዝጋቢው ወጣት መስታወቷን በጨርቅ ይወለውላል፤ እሳቸውም ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው እንደገና ያስቀምጣሉ። አሁንም እንቢ።

“የኔ ልጅ፣ ይህን እጅ እኮ አረምና ኩትኳቶ ጨርሶታል።”

“ግድ የለም እማማ፣ ዓይንዎ አለ። ወደዚህ ቀና ይበሉልኝ።”

ዳንግላም ሆነ እንጅባራ፣ የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ጠረጴዛ በተዘረጋበት ሁሉ እንዲህ ያለ ንግግር የተለመደ ነው። አሥር ጣት፣ ሁለት ዓይን፣ አንድ የፊት ፎቶ፤ ከዚያ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ። በአዊ ዞን ዕድሜውን በድንችና በጤፍ ማሳ ላይ ያሳለፈ ሰው የጣቱ መስመር ቢደበዝዝ አይገርምም። የዓይን አሻራ አብሮ የሚወሰደውም አንዱ የጎደለውን ሌላው እንዲሞላ ነው። ምዝገባው ሲያበቃ ተመዝጋቢው አንዲት ወረቀት ይቀበላል። ወረቀቷ ላይ 29 አኃዝ ያለው ረጅም ቁጥር ሰፍሯል። የመጀመሪያዎቹ አምስት አኃዞች የምዝገባ ጣቢያውን፣ ቀጣዮቹ አምስት ማሽኑን፣ ሌሎቹ አምስት ተራ ቁጥሩን ያመለክታሉ። የቀሩት 14 አኃዞች ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን እስከ ሰከንዱ ይይዛሉ።

ብዙ ሰው ይህን ቁጥር መታወቂያዬ ነው ብሎ ያስቀምጠዋል። መታወቂያው ግን ገና አልተሰጠም። ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር እስኪመጣ ድረስ የእኚያ እናት አሻራ ከዳንግላ ተነስቶ በብዙ ፕሮግራሞችና በብዙ ማሽኖች በኩል ማለፍ አለበት። ከማሽኖቹ አንዱ በማናቸውም ደቂቃ ሊበላሽ ይችላል፤ ሥራው ግን መቆም የለበትም። ይህን የሚያስችለው የሶፍትዌር ጥበብ በአገራችን ብዙም አይወራለትም። የሚያውቁት ጥቂት ባለሙያዎች ናቸው፤ የሚነካው ግን ሁላችንንም ነው።

ፓኬቱ ከተላከ በኋላ

ፋይዳ የቆመበት ሶፍትዌር ሞሲፕ ይባላል። በሕንድ ባንጋሎር የሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም በ2018 እ.ኤ.አ. የጀመረው ክፍት ሶፍትዌር ሲሆን፣ የትኛውም አገር ያለ ፈቃድ ክፍያ ወስዶ እንደ ሕጉና እንደ ፍላጎቱ ሊያስተካክለው ይችላል። ሞሮኮና ፊሊፒንስ ቀድመው ወሰዱት። ኢትዮጵያም በብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራሟ ተቀበለችው፤ ሕጋዊ መሠረቱን የጣለው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። የዓለም ባንክ በ2016 ዓ.ም. ለፕሮጀክቱ 350 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። የታሰበው 90 ሚሊዮን ሰው መመዝገብ ነው።

የመዝጋቢው ላፕቶፕ የተሰበሰበውን ሁሉ በአንድ ፓኬት አሽጎ በምስጢር ቁልፍ ይቆልፈዋል። ላፕቶፑ ራሱ እንኳ ከዚያ በኋላ መልሶ ሊያነበው አይችልም። ኔትወርክ ካለ ፓኬቱ ወዲያው ይላካል። ከሌለ እዚያው ይቆይና መስመሩ ሲመጣ ይሄዳል። ይህ ዳንግላን ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ፓኬቱ ማዕከል ሲደርስ በተራ የሚቀባበሉት ፕሮግራሞች አሉ። አንዱ ተቀብሎ ደረሰኝ ይሰጣል። ሌላው ቫይረስ ይፈትሻል። ሌላው ፓኬቱ በእርግጥ ከታወቀ ጣቢያ፣ ከታወቀ ማሽንና ከታወቀ መዝጋቢ መምጣቱን ያረጋግጣል። ሌላው የአሻራውንና የፎቶውን ጥራት ይመዝናል። ከዚያ ስምና የትውልድ ቀን ይመሳከራል። ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉም የከበደው ነው፤ ይህ ሰው ከዚህ በፊት ተመዝግቦ ያውቃል? አሻራው ከዚህ ቀደም ከተመዘገቡት ሁሉ ጋር ይነጻጸራል። ማሽኑ የተጠራጠረው ካለ ወደ ሰው ዓይን ይመራል። ሁሉም ካለፈ፣ አስቀድመው ከተዘጋጁ ቁጥሮች ክምችት አንዱ ለተመዝጋቢው ይሰጣል። ቁጥሩ ስለ ሰውየው ምንም አይናገርም፤ ብሔርም፣ ወረዳም፣ ዕድሜም የለበትም። ክምችቱ ሲያንስ ስርዓቱ ራሱ አዲስ ቁጥሮችን ይጨምራል።

ስለዚያ ማነጻጸር ትንሽ እናስላ። የተመዘገበው ሕዝብ 10 ሚሊዮን ነው እንበል፤ ፋይዳ ይህን ቁጥር ካለፈ ቆይቷል። በዚያ ላይ አንድ ሚሊዮን አዲስ ሰው ቢጨመር፣ እያንዳንዱን ከሁሉም ጋር ለማስተያየት 10 ትሪሊዮን ንጽጽር ያስፈልጋል። ባለሙያዎች ይህን የሚቀንሱባቸው የማጣሪያ ዘዴዎች አሏቸው። ቢሆንም ሥራው ከተመዝጋቢው ቁጥር ጋር እየከበደ እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ዘጠናኛው ሚሊዮን ሰው ለማሽኖቹ ከመጀመሪያው ሚሊዮን እጅግ የበለጠ ድካም ነው።

ደግሞም ጭነቱ በየቀኑ እኩል አይመጣም። ብሔራዊ ባንክ አዲስ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ እንዲሆን በየደረጃው ሲያዝ፣ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ፋይዳ ይያዙ ሲባል፣ ሰልፉ በአንድ ጊዜ ይረዝማል። በዚያ ሳምንት ቫይረስ ፈታሹ ፕሮግራም ሁለት ቅጂ ይበቃው ይሆናል፤ ጥራት መዛኙ ግን አሥር ያስፈልገው ይሆናል። ሰልፉ ሲያልፍ ደግሞ የተጨመረው ሁሉ ተነስቶ ቦታውን ለሌላ መልቀቅ አለበት። ይህን በሰው እጅ፣ በየሰርቨሩ እየገቡ ማድረግ አድካሚ ብቻ ሳይሆን አደገኛ ነው። በእኩለ ሌሊት የደከመ ባለሙያ የሚጽፋት አንዲት የተሳሳተች ትዕዛዝ ለጠዋቱ የአገር ጉዳይ ትሆናለች።

ለዚህ ነው ሞሲፕ ኩበርኔቲስ በተባለ፣ ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ በሚያስተዳድር ሶፍትዌር ላይ እንዲተከል ታስቦ የተሠራው።

የሚፈለገውን መናገር

ኩበርኔቲስን ጎግል ነው በሰኔ 2014 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የከፈተው። ኩባንያው ከዚያ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ የራሱን ሰርቨሮች የሚያስተዳድርበት ቦርግ የተባለ የውስጥ ስርዓት ነበረው። ጆ ቤዳ፣ ብሬንዳን በርንስና ክሬግ መክላኪ ከዚያ የተገኘውን ልምድ ለውጭው ዓለም በሚሆን መልክ እንደ አዲስ ለመሥራት ተነሱ። ጊዜው ምቹ ነበር። ዶከር በ2013 እ.ኤ.አ. ወጥቶ አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር በኮንቴይነር አሽጎ የትም ማስነሳትን ቀላል አድርጎ ነበር። ኮንቴይነሮቹ መቶና ሺህ ሲሆኑ ግን ማን የት ያስቀምጣቸው? የሞተውን ማን ያንሳ? በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ሙሉ ስሪት ወጣና ባለቤትነቱ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ላለ ማኅበር ተላለፈ። ዛሬ የዓለም ባንኮች፣ የቴሌኮም ኩባንያዎችና መንግሥታት የሚጠቀሙበት ነው።

ዋናው ሐሳቡ ይህ ነው። አስተዳዳሪው ለስርዓቱ “ይህን አድርግ፣ ቀጥሎ ያንን አድርግ” አይለውም። በአንድ ጽሑፍ ላይ “እንዲኖር የምፈልገው ይህ ነው” ብሎ ያሰፍራል። ለምሳሌ ጥራት መዛኙ ፕሮግራም ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ እያንዳንዱ ይህን ያህል ሜሞሪ ያግኝ፤ ሦስቱ በተለያየ ማሽን ላይ ይሁኑ። ከዚያ በኋላ ስርዓቱ ያለማቋረጥ ሁለት ነገር ያስተያያል፤ የተጻፈውንና በተጨባጭ ያለውን። ሦስት ተብሎ ሁለት ካገኘ አንድ ያስነሳል። አራት ካገኘ አንዱን ያቆማል። አንድ ፕሮግራም እየተነሳ እየወደቀ ካስቸገረ፣ 10 ሰከንድ፣ ቀጥሎ 20፣ ቀጥሎ 40 እያለ የሙከራውን ርቀት እስከ አምስት ደቂቃ ያራዝማል፤ ያለበለዚያ የታመመው ፕሮግራም ጤነኞቹንም ያደክማል።

እኔ በዚህ አሠራር ውስጥ ከሁሉ የማደንቀው የተነሳበትን እምነት ነው። የቀድሞው የሰርቨር አስተዳደር ማሽኑ እንዳይሞት መጠበቅ ነበር። ይህኛው ማሽን እንደሚሞት ከመጀመሪያው አምኖ ይነሳል። መብራት ይሄዳል፣ ዲስክ ይቃጠላል፣ ገመድ ይቆረጣል፤ እነዚህ ሁሉ እንደ ድንገተኛ መዓት ሳይሆን እንደ ማክሰኞና ረቡዕ የሚጠበቁ ናቸው። በየሳምንቱ መብራት የሚሄድበት አገር ሰው ይህን ሐሳብ ከማንም ቀድሞ ሊረዳው ይገባል ብዬ አስባለሁ።

ሞቷል ወይስ መንገዱ ተቆርጧል?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ኩበርኔቲስ በሚያስተዳድራቸው ማሽኖች ስብስብ፣ ማለትም በክላስተሩ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ማሽን፣ ኖድ የሚባለው፣ በየ10 ሰከንዱ “አለሁ” የሚል አጭር ምልክት ይልካል። ምልክቱ ለ40 ሰከንድ ከጠፋ (በአዳዲሶቹ ስሪቶች 50 ነው) ስርዓቱ ያንን ኖድ “ዝግጁ አይደለም” ብሎ ይመዘግበዋል፤ አዲስ ሥራም አይልክለትም። በላዩ የነበሩትን ፕሮግራሞች አንስቶ በሌላ ኖድ ላይ ለመትከል ግን ተጨማሪ አምስት ደቂቃ ይታገሣል።

ለምን ይታገሣል? ምልክቱ የጠፋበት ኖድ ሞቶ ይሁን ወይም መስመሩ ብቻ ተቆርጦበት ይሁን ከሩቅ ሆኖ መለየት ስለማይቻል ነው። ይህ የሶፍትዌሩ ድክመት አይደለም፤ በኔትወርክ የተያያዙ ማሽኖች ሁሉ የተፈጥሮ ችግር ነው። ዝምታ አንድ ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ነው። ያ ኖድ በሕይወት ኖሮ ሥራውን እየሠራ ቢሆንና ማዕከሉ “ሞቷል” ብሎ ያንኑ ሥራ ለሌላ ቢሰጥ፣ አንድ ሥራ በሁለት እጅ ይሠራል። ጉዳዩ ድረ ገጽ ማሳየት ከሆነ ችግር የለውም። ገንዘብ ማዘዋወር ወይም የመታወቂያ ቁጥር መስጠት ሲሆን ግን ጥፋት ነው።

ስለዚህ ውሳኔ የሚሰጠው ክፍል አንድ ማሽን ብቻ እንዳይሆን ይደረጋል። የክላስተሩ ሙሉ ማኅደር፣ ምን የት መሆን እንዳለበት የተጻፈበት፣ ኢቲሲዲ በተባለ ቋት ውስጥ በሦስት ወይም በአምስት ማሽኖች ላይ ይቀመጣል። ማናቸውም ለውጥ የሚጸናው ከግማሽ በላይ የሆኑት ሲስማሙ ብቻ ነው። የመስማሚያ ደንቡን፣ ራፍት የተባለውን፣ ዲዬጎ ኦንጋሮና ጆን አውስተርሃውት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሠርተው በ2014 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ሽማግሌ ሲቀመጥ ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ነገሩ እኩል ለሁለት ተከፍሎ አይቀርም፤ እዚህም ቁጥሩ ጎዶሎ እንዲሆን ይመከራል። ሦስት ቢሆኑ አንዱ ቢጎድል ሁለቱ ይወስናሉ። አምስት ቢሆኑ ሁለት መጉደል ይችላሉ። አራት ቢደረጉ ግን ከሦስቱ የተሻለ ነገር አይገኝም፤ ለመስማማት ሦስት ያስፈልጋልና አሁንም አንድ ብቻ ነው መጉደል የሚችለው። ወጪው ጨመረ እንጂ ጥንካሬው አልጨመረም። የሰርቨር ግዢ በሚወስኑ ኮሚቴዎች ጠረጴዛ ላይ ይህች ስሌት ብትቀመጥ መልካም ነው።

መስመር ተቆርጦ ክላስተሩ ለሁለት ቢከፈል፣ ብዙኃኑ ያለበት ወገን ይቀጥላል፤ ጥቂቱ ያለበት ወገን አዲስ ውሳኔ ከማሳለፍ ይቆጠባል። በዚያ ወገን የቀሩ ፕሮግራሞች ወዲያው አይሞቱም፤ የያዙትን ይዘው ይቆያሉ።

የማይተካው

እዚህ ላይ በሻጮች ንግግር ውስጥ ተደጋግሞ የሚዘለለውን ልናገር። ኩበርኔቲስ የሞተ ፕሮግራምን ይተካል። የጠፋ መረጃን ግን አይተካም።

ጥራት መዛኙ ፕሮግራም ቢወድቅ የሚጎድል ነገር የለም፤ ሌላ ቅጂ ይነሳል፣ ፓኬቱም ከተራ መጠበቂያው እንደገና ይነበባል። ሞሲፕ በደረጃዎቹ መካከል ካፍካ የተባለ የመልእክት ወረፋ የሚጠቀመው ለዚህ ነው፤ ሥራው የሚያዘው በሠራተኛው እጅ ሳይሆን በወረፋው ላይ ነው። ዳታቤዙ ግን ሌላ ነገር ነው። የአሥር ሚሊዮኖች ስም፣ አሻራና ቁጥር ያለበት ዲስክ ከነማሽኑ ቢጠፋ፣ በሌላ ኖድ ላይ ባዶ ዳታቤዝ ማስነሳት ለማንም አይጠቅምም። መረጃው አስቀድሞ በሌላ ቦታ፣ ቢቻል በሌላ ከተማ፣ ተባዝቶ መቀመጥ አለበት። ይህን የሚያደርገው ኦርኬስትሬተሩ፣ ማለትም እንደ ኩበርኔቲስ ያለው የፕሮግራሞች አስተባባሪ ሳይሆን፣ ሰው ያሰበው የመጠባበቂያ ዕቅድ ነው።

ከመረጃውም የባሰ የማይተካ አለ፤ ቁልፉ። ፓኬቶቹ የተቆለፉባቸው የምስጢር ቁልፎች የሚጠበቁት ለዚሁ በተሠራ የደኅንነት መሣሪያ ውስጥ ነው። ዲስኩ ተርፎ ቁልፉ ቢጠፋ፣ የእኚያ የዳንግላ እናት አሻራ ማንም ሊያነበው የማይችል የቁጥር ክምር ሆኖ ይቀራል። ቁልፉ በሌላ እጅ ቢገባ ደግሞ የባሰ ነው። የይለፍ ቃል ሲሰረቅ ይቀየራል፤ ጣት አይቀየርም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ ተገቢ ነበር። አዋጁ ግን በወረቀት ላይ ያለ ግዴታ ነው። የሚፈጸመው በየዕለቱ ማን ወደ ክላስተሩ እንደገባ፣ ምን እንደነካ፣ መጠባበቂያው በእርግጥ ተመልሶ መነሳቱ ተሞክሮ እንደሆነ በሚከታተሉ ሰዎች እጅ ነው። ሞሲፕ ራሱ የአስተዳዳሪዎቹን መግቢያ ከዋናው ክላስተር ለይቶ በሌላ ክላስተር ላይ እንዲቀመጥ የሚመክረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ተሞክሮ የማያውቅ መጠባበቂያ መጠባበቂያ አይባልም። ይህን ብዙ የአይቲ ባለሙያ ያውቀዋል፤ አመልክቶ በጀትና ጊዜ የሚያገኘው ግን ጥቂት ነው።

ለውጥ የሚደረግባት ሰዓት

ማሽኖች በራሳቸው ከሚያደርሱት ጉዳት ይልቅ ሰው ሲያሻሽላቸው የሚደርሰው ይበልጣል። ኢትዮጵያውያን ይህን መጋቢት 7 ቀን 2016 ንጋት ላይ አይተናል። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ስርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሂሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያዘዋውሩ አደሩ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተዳረሰ፤ በኤቲኤሞች ፊት በሌሊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ አስታወቀ፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩ ከጥገናና ከፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ በኋላ እንዳስረዱት ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ አብዛኛውም ተመልሷል።

ኦርኬስትሬሽን ለእንዲህ ያለችው ሰዓት ያዘጋጀው ዘዴ አለ። አዲስ ስሪት ሲመጣ አሮጌው ሁሉ በአንድ ጊዜ አይነሳም። ኩበርኔቲስ ካልተነገረው በቀር ከሩብ የሚበልጠውን ቅጂ በአንድ ጊዜ ከሥራ አያወጣም፤ አዲሱ ቅጂ ለሥራ ዝግጁ ነኝ ብሎ እስኪመልስ ድረስም ቀጣዩን አሮጌ አያቆምም። ችግር ከታየ በአንዲት ትዕዛዝ ወደ ቀድሞው ስሪት መመለስ ይቻላል።

ቢሆንም ማሳሰብ አለብኝ። ስርዓቱ የሚፈትሸው ፕሮግራሙ መልስ መስጠቱን ነው፤ መልሱ ትክክል መሆኑን አይደለም። የደንበኛን ቀሪ ሂሳብ ሳያመሳክር ገንዘብ የሚከፍል ፕሮግራም ለኩበርኔቲስ ጤነኛ ነው፤ ፈጥኖ ይመልሳልና። ይህን የሚይዘው አዲሱን ስሪት በመጀመሪያ ለጥቂት ደንበኞች ብቻ ከፍቶ፣ የሒሳቡን ውጤት ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ማስፋት ነው። መሣሪያው በእጅ አለ፤ ትዕግሥቱን የሚጨምረው ሰው ነው።

ሩቁ ኖድ

እንጅባራ ከአዲስ አበባ 440 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ዳንግላ በዚያው አውራ ጎዳና ወደ ባሕር ዳር አልፎ ይገኛል። በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የግል የዳታ ማዕከላት ተከፍተዋል፤ ጄኔሬተር በላይ በላዩ፣ መስመር በላይ በላዩ። ከዳንግላ የሚነሳው መስመር ከተቆረጠ ግን የማዕከሉ መቶ ኖድ ለዳንግላ እንደሌለ ነው።

ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። የፋግታ ለኮማ ወረዳ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ነጋዴ ጭነቱን ወደ አዲስ አበባ ልኮ ክፍያውን በስልኩ መከታተል የለመደ ነበር። ተማሪው ለምዝገባ፣ ታማሚው ለሪፈር፣ ሁሉም በየመስኮቱ “ሲስተም የለም” የሚለውን መልስ ሰምቷል። ከማዕከሉ ሲታይ አካባቢው ዝም ያለ ኖድ ነበር። በሥፍራው ግን ሕይወት ቀጥሏል፤ የሚወለድ ነበር፣ የሚታመም ነበር፣ የሚሸጥና የሚገዛ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፤ መስመር ሲቆረጥ ምን ያህል አገልግሎት በአካባቢው መቀጠል ይችላል? የፋይዳ ምዝገባ ፓኬቱን አሽጎ መስመር እስኪመጣ መጠበቁ አንድ ጥሩ መልስ ነው። ማረጋገጫው ግን፣ ማለትም ባንክ “ይህ ሰው እሱ ነው?” ብሎ የሚጠይቀው፣ ማዕከሉን ማግኘት ይፈልጋል። በሌሎች አገልግሎቶች ደግሞ ከዚህ አልፎ መሄድ ይቻላል። አንድ ምሳሌ ከውጭ ላምጣ። ቺክ ፊል ኤ የተባለው የአሜሪካ የዶሮ ምግብ ቤቶች ኩባንያ በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ በእያንዳንዱ ምግብ ቤት ውስጥ በሦስት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ የቆመ የኩበርኔቲስ ክላስተር አለው። ቤቶቹ ወደ ሁለት ሺህ ይጠጉ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የወጥ ቤቱ ሥራ እንዳይቆም። ዶሮ ለመጥበስ ይህ ካስፈለገ፣ ለእንጅባራ ሆስፒታል የካርድ ክፍል አያስፈልግም የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለዚሁ የሚሆን ቀላል ስሪትም አለ። ኬ3ኤስ ይባላል፤ ራንቸር የተባለ ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. አወጣው። ሙሉ ኦርኬስትሬተሩ ከ100 ሜጋባይት በማይበልጥ አንድ ፋይል ውስጥ ተጠቃሏል፤ በአነስተኛ ማሽን ላይ ይሠራል፤ ክፍያ የለውም። ሦስት ትንንሽ ኮምፒውተሮች በአንድ ላይ የሚፈልጉት ኃይል በ100 ዋት አካባቢ ስለሆነ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪና በፀሐይ ኃይል ማቆየት ይቻላል። የታማሚ ካርድ፣ የመድኃኒት ክምችት፣ የላቦራቶሪ ውጤት በአካባቢው ይመዘገብና መስመር ሲመለስ ወደ ማዕከል ይላካል። አንዱ ኮምፒውተር ቢቃጠል ሁለቱ ይቀጥላሉ።

የጭነቱ ነገርም በአካባቢው ሲታይ ግልጽ ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር እንጅባራ ከአዘቦቱ ቀን ጋር የማትመሳሰል ከተማ ትሆናለች። ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ እንግዳው ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ሆቴሉ ይሞላል። ለዚያች ቀን ብሎ ዓመቱን ሙሉ ትልቅ ሰርቨር ገዝቶ ማስቀመጥ ብክነት ነው። ለዚያች ቀን የሚያስፈልገውን ቅጂ ጨምሮ በማግስቱ መቀነስ ግን ይህ ሶፍትዌር የተሠራበት ተራ ሥራው ነው።

ማን ይጠብቀው?

በ2016 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር “አምስት ሚሊዮን ኮደሮች” የተባለውን ሥልጠና ጀምሯል። የፕሮግራሚንግ መሠረት፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትምህርቶችን በነፃ ይሰጣል። መልካም ነው፤ እያንዳንዱ ወጣት እንዲገባበት እመክራለሁ። ነገር ግን የተጻፈው ኮድ የሆነ ቦታ ላይ መኖር አለበት። በሌሊት ስምንት ሰዓት ኖድ ሲወድቅ ማንቂያው የሚደርሰው፣ ምክንያቱን የሚያነብ፣ ነገ እንዳይደገም የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሌላ ሙያ ነው። ስለ እሱ የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ችግር ሲደርስ ግን የመጀመሪያው ተወቃሽ እሱ ነው። አገሪቱ መታወቂያዋን፣ ባንኳንና ሆስፒታሏን በእንዲህ ያለ ስርዓት ላይ እያቆመች ጠባቂዎቹን በየዞኑ አለማፍራቷ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

ሙያው በወረቀት አይገኝም። በዓለም የታወቀው የኩበርኔቲስ አስተዳዳሪ የምስክር ወረቀት ፈተና እንኳ ምርጫ የማክበብ ፈተና አይደለም፤ ተፈታኙ ለሁለት ሰዓት በክላስተሮች ፊት ተቀምጦ በትዕዛዝ መስመር እንዲሠራና የተበላሸውን እንዲጠግን ይጠየቃል። ለመማር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ሰነዶቹ በሙሉ በነፃ የሚነበቡ ናቸው። ሁለት ፕሮሰሰርና ሁለት ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ትምህርት ይበቃል፤ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሙሉ ክላስተር የሚያስነሱ የመለማመጃ ሶፍትዌሮችም አሉ።

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ከአንድ ዙር በላይ ተመራቂዎችን አውጥቷል። በየዩኒቨርሲቲው እንደሚታየው ለአዲስ ፕሮግራም የዘገዩ፣ ለዚህ ሥራ ግን የሚበቁ ኮምፒውተሮች በመጋዘን አይጠፉም። የኮምፒውተር ትምህርት መምህራን ሦስቱን አውጥተው በአንድ ስዊች ያገናኟቸው፤ ኬ3ኤስ ይትከሉባቸው፤ አንድ ቀላል አገልግሎት በሦስት ቅጂ ያስነሱበት። ከዚያ ተማሪዎቹ ሰዓታቸውን እያዩ የአንዱን ገመድ ይንቀሉ፤ ቀጥሎ የሁለተኛውን። የትኛው ላይ ሥራው እንደቀጠለ፣ የትኛው ላይ ውሳኔ እንደቆመ፣ መረጃው የት እንደቀረ ራሳቸው ይጻፉ። የዞኑ ጤና መምሪያና የከተማው አስተዳደር ደግሞ ለእነዚህ ተማሪዎች የልምምድ ቦታ ይስጧቸው። ሶፍትዌሩ በነፃ ነው፤ ኮምፒውተሮቹ አሉ፤ ትምህርቱ በመጪው መስከረም ሊጀመር ይችላል።